ጧሪዋን ማን ይጡራት?

«አባታችን ትናንት ጠዋት ከቤት እንደ ወጡ አልተመለሱም። የመርሳት ችግር አለባቸው። ሲወጡ ግራጫ ኮት ለብሰው ከዘራ ይዘው ነበር። ያያችሁ ወገኖች በፈጣሪ ስም ደውሉልን።» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በአዲስ አበባ የመብራት ምሰሶዎች፣ በቤተ ክርስቲያን በሮች፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ ገጾች ላይ ማየት ለምደናል። ብዙዎቻችን «ፈጣሪ ያገናኛችሁ» ብለን ለሌላ ሰው እናጋራና ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ከማስታወቂያው ጀርባ ያለውን ቤት ግን አናየውም። አባትየው ከመጥፋታቸው በፊት ስላለፉት ዓመታት፣ በሩን በወንበር አስደግፋ ስለምትተኛው ልጅ፣ በአንድ ሌሊት ደጋግማ ስለምትነሣው ባለቤት ማስታወቂያው የሚለው ነገር የለም።

ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው የት ይኑር፣ ማንስ ይጠብቀው የሚለው ጥያቄ በአገራችን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል፦ «እኛ እንደ ፈረንጅ ወላጆቻችንን አንጥልም፤ ቤተሰብ አላቸው።» አባባሉ ከቀና ልብ የመጣ ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል። ሆኖም ያ «ቤተሰብ» ማን እንደሆነ ቤት ገብቶ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው አንዲት ሴት ነው። ሥራዋን የተወች ልጅ ትሆናለች፤ ምራት ትሆናለች፤ ራሷ ጉልበቷ የደከመ ሚስት ትሆናለች፤ አለዚያም ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ትሆናለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ቤተሰብ ለእነዚህ ሕሙማን በነጻ ከሚያውለው ሰዓት 70 ከመቶው በሴቶች ትከሻ ላይ ያረፈ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ነጥብ አንድ ነው። የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው በክብር ማኖር የምንችለው አስታማሚዋን ስንጠብቅ ብቻ ነው። የቤት ለቤት ድጋፍ፣ የቀን መዋያ፣ የአጭር ጊዜ ማረፊያ፣ በመጨረሻም ደህና የመኖሪያ ማእከል ቤተሰብን የሚተኩ አይደሉም፤ ቤተሰብ እንዳይፈርስ የሚይዙ ናቸው።

በሽታ እንጂ ዕድሜ አይደለም

ብዙ ሰው «ጃጅተዋል እኮ፣ ምን ይደረግ» ብሎ ያልፈዋል። ዕድሜ ሲገፋ ስም መርሳት፣ መነጽር የት እንዳስቀመጡ መዘንጋት ያለ ነገር ነው። ዲሜንሺያ ግን ከዚህ ይለያል። ሃምሳ ዓመት የሄዱበትን መንገድ መሳት፣ ወጥ የመሥራትን ቅደም ተከተል መርሳት፣ አንዱን ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አሥር ጊዜ መጠየቅ፣ የገዛ ልጅን «አንቺ ማነሽ?» ማለት የአንጎል ሕመም ምልክቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ከእነሱ ከ60 ከመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ውስጥ ናቸው። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ሕሙማን ይጨመራሉ። ከሁሉም ዓይነት በብዛት የሚታየው አልዛይመር ነው።

የአልዛይመር በሽታ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው አቅሙ ካለቀበት አስታማሚ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ውስጥ ኦገስት ዴተር የተባሉ የ51 ዓመት ሴት ሆስፒታል ገቡ። ያመጧቸው ባለቤታቸው ነበሩ፤ ሴትዮዋ ይረሳሉ፣ ያለ ምክንያት ይጠረጥራሉ፣ ሌሊት አይተኙም፤ ባለቤታቸው ከዚያ በላይ በቤት ሊይዟቸው አልቻሉም። የተቀበሏቸው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ነበሩ። ሴትዮዋ በ1906 ሲያርፉ አንጎላቸውን መርምረው ያገኙትን በዚያው ዓመት ቱቢንገን ከተማ ላይ ለባልደረቦቻቸው አቀረቡ። ሕመሙም በስማቸው ተጠራ። ሚስቱን ይዞ የሐኪም በር ያንኳኳውን ባል ስም ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

ዛሬም ይህን ሕመም ከሥሩ የሚያድን መድኃኒት የለም። በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ የተፈቀዱት አዳዲስ መድኃኒቶች የሕመሙን ግስጋሴ በመጠኑ የሚያዘገዩ፣ ለጀማሪ ደረጃ ብቻ የሚሰጡ፣ ውድና ብርቱ ክትትል የሚጠይቁ ናቸው። ይህ ማለት ግን ሐኪም ቤት መሄድ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የታይሮይድ እጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከወደቁ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ የማይስማሙ መድኃኒቶች አንድን ሽማግሌ ልክ የጃጀ ሊያስመስሉት ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤም በ2024 ባወጣው ጥናት ልንከላከላቸው የምንችላቸውን 14 ምክንያቶች ዘርዝሯል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮ መድከም፣ የዓይን መፍዘዝ፣ ብቸኝነትና ትምህርት ማጣት ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የእናትን ግፊት ማስለካት፣ የአባትን ሞራ ማስገፈፍ፣ ለማይሰሙ ጆሮዎች መፍትሔ መፈለግ የአንጎል ጥበቃም ነው።

በዝግ በር ውስጥ

እንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ቀረብ ብለን እንመልከት። ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማማ ነጠላቸውንና አንድ ዳቦ ፌስታል ውስጥ ከተው ከበሩ ይቆማሉ። «በሉ ልሂድ፤ እናቴ ትጠብቀኛለች» ይላሉ። የቆሙት ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ልጃቸው «እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ይሄ ነው፤ አያቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ!» ትላለች። እማማ የእናታቸውን ሞት ዛሬ እንደ ሰሙ ሆነው ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ። በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ እንደገና ፌስታላቸውን ያዘጋጃሉ፤ መርዶውም እንደገና ይነገራቸዋል።

ልጅቱ ክፉ አይደለችም። እውነቱን መናገር ተገቢ መስሏታል። ይህን ሥራ የተማረ ሰው ግን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። «እሺ እማማ፣ እሸኝዎታለሁ» ብሎ ክንዳቸውን ይይዛል፤ እስከ ሰፈሩ ሱቅ አብሮ ይራመዳል፤ በመንገድ ላይ «እናትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብሎ ይጠይቃል። እማማ ስለ እናታቸው ጠላ አጠማመቅ ሲያወሩ ይረጋጋሉ፤ ዞረው ሲመለሱ ቤታቸው የደረሱ ይመስላቸዋል። አመሻሹ ላይ የሚመጣው ይህ መረበሽ በሽታው ባለበት አገር ሁሉ የታወቀ ነው። ከሕመምተኛው ጋር መሟገት ያባብሰዋል፤ ስሜቱን ተቀብሎ ወደ ሌላ ነገር መውሰድ ያበርደዋል። ይህን ብልሃት ለማስተማር የሚያስፈልገው ጊዜ የአንድ ከሰዓት በኋላ ያህል ነው። ያስተማራት ሰው ግን የለም።

ሌላው በየቤቱ የሚደጋገመው ነገር የስርቆት ክስ ነው። እማማ ብራቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው፣ ከዚያ አውጥተው የጤፍ ማሰሮ ውስጥ ይሸሽጉና ይረሱታል። አንጎል የጎደለውን ነገር በራሱ ግምት ይሞላዋል፦ «ሰርቃኛለች!» ተከሳሿ ሁልጊዜ በቅርብ ያለችው ናት። ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ትባረራለች፤ ብሩ ከሳምንት በኋላ ጤፍ ሲለካ ይገኛል። ወይም ሥራዋን ትታ እናቷን የምታስታምመው ልጅ በጎረቤት ፊት ሌባ ትባላለች፤ ውጭ አገር ያለው ወንድሟም በስልክ ክሱን ሰምቶ ይጠረጥራታል። ይህ የበሽታው ምልክት መሆኑን የሚነግራቸው ባለሙያ ባለመኖሩ እህትማማቾች የተኳረፉበት፣ ውርስ እስከ ፍርድ ቤት የሄደበት ቤት ትንሽ አይደለም።

ሌላም አለ። የከሰል ምድጃ ተለኩሶ ይረሳል። የስኳር መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይዋጣል። ልጅ እናቷን ስታጥብ እናት ልጇ ልብሷን ልትገፍፋት የመጣች ባዕድ መስላት ትጮኻለች። አስታማሚዋ ሌሊት አትተኛም፤ ቀን አትወጣም፤ ማኅበሯን አቋርጣለች፤ ለራሷ ሕመም ሐኪም አታይም። በመጨረሻ ትናደዳለች፤ አንድ ቀን እጇ ይሰነዘራል፤ ከዚያ በራሷ ታፍራለች። አንዳንዱ ቤት በሩን ከውጭ ቆልፎ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሽማግሌውን ያስራል፤ አንዳንዱ ከፋርማሲ የሚያስተኛ ክኒን ይለምናል። ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከል ለአእምሮ ሕሙማን የሚሰጡት ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥብቅ አስጠንቅቋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፍቅር ጠፍቶ አይደለም። እውቀትና እረፍት የሌለው ፍቅር እዚህ ላይ ስለሚደርስ ነው።

ቤተሰብን ማከም

አስታማሚን መደገፍ ለታማሚው የሚያመጣው ለውጥ በደንብ ተለክቷል። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሜሪ ሚተልማንና ባልደረቦቻቸው የትዳር ጓደኛቸውን በቤት የሚያስታምሙ 406 ሰዎችን ለዓመታት ተከታተሉ። ግማሾቹ የተለመደውን አገልግሎት አገኙ። ሌሎቹ ግን ሁለት ጊዜ ለብቻቸው፣ አራት ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር የምክር ጊዜ ተሰጣቸው፤ እንደ እነሱ ከሚያስታምሙ ሰዎች ማኅበር ጋር ተገናኙ፤ ሲጨንቃቸው የሚደውሉላቸው አማካሪዎችም ነበሩ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ድጋፉን ያገኙት ቤተሰቦች ሕመምተኛቸውን ወደ መጦሪያ ማእከል ያስገቡት ከሌሎቹ በመካከለኛ ስሌት 557 ቀናት ዘግይተው ነው። አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ አዲስ መሣሪያም አልነበረም። አማካሪ ባለበት የቤተሰብ ጉባኤ፣ የሚረዳ ጓደኛና የሚነሣ ስልክ ነበሩ።

ከዚህ ጥናት ለእኛ የሚጠቅም አንድ ዝርዝር አለ። ምክሩ የተሰጠው ለአስታማሚዋ ብቻ ቢሆን ኖሮ «በርቺ» ከማለት ባልዘለለ ነበር። የተጠሩት ሌሎቹ ልጆች፣ እህትና ወንድሞች ናቸው። ማን ምን እንደሚሠራ ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ሽምግልና ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ መሬት ሲያከራክር እንቀመጣለን። እናት ስትታመም ግን አንቀመጥም። ገንዘብ የሚልከው ልጅ ድርሻውን የተወጣ ይመስለዋል፤ ቅርብ ያለችው ልጅ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

ጃፓን በ2000 እ.ኤ.አ. የአረጋውያን እንክብካቤ መድን በሕግ አቋቁማለች። ከ40 ዓመት ጀምሮ ያለ ነዋሪ ሁሉ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲያረጅና ሲዳከም የቀን መዋያ፣ የቤት ውስጥ ረዳት፣ የአጭር ጊዜ ማረፊያ ያገኛል። ዲሜንሺያ ላለባቸው የተዘጋጁት የጋራ ቤቶች ነዋሪዎቻቸውን ከዘጠኝ ሰው በማይበልጥ ቡድን ያኖራሉ፤ ነዋሪዎቹ ሩዝ ያጥባሉ፣ ልብስ ያጥፋሉ። አገሪቱ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ 90 ደቂቃ የሚወስድ ትምህርት ለባንክ ሠራተኛ፣ ለሱቅ ነጋዴ፣ ለተማሪ ሳይቀር እየሰጠች ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ወስዶታል። የጠፋ ሽማግሌ አንድ ሱቅ ውስጥ ግራ ተጋብቶ ሲቆም ባለ ሱቁ የሚያደርገውን ያውቃል። የእኛ ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

በኔዘርላንድ ከአምስተርዳም አጠገብ ዌስፕ በተባለች ከተማ የሚገኘው ሆገዌይክ ደግሞ የመኖሪያ ማእከል ምን ሊመስል እንደሚችል ለዓለም ያሳየ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሁን ባለው መልኩ የሚሠራው ይህ ሰፈር የከበደ ዲሜንሺያ ያለባቸው ነዋሪዎች በትናንሽ ቤቶች፣ በስድስትና በሰባት ሆነው የሚኖሩበት ነው። ሱፐርማርኬት፣ ምግብ ቤት፣ ቲያትርና አደባባይ አለው። የውጭው በር ይጠበቃል፤ ከበሩ በውስጥ ግን ነዋሪው ሲፈልግ ይራመዳል፣ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ገበያ ይወጣል። ቤቶቹ የተከፋፈሉት ሰዎቹ በጤና ዘመናቸው በኖሩት አኗኗር መሠረት ነው። ከሌላው ዓለም የሚመጡ ጎብኚዎች «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» ይላሉ። ሆኖም ሆገዌይክ በሕግ ተራ የነርሲንግ ቤት ነው፤ የሚሠራውም አገሪቱ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዘረጋችው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ነው። ልዩነቱ የጎላው በአሳቡ ላይ ነው፦ ሰውየው በሽታው ቢይዘውም ልማዱ፣ ጣዕሙና መንገዱ የእሱ ናቸው።

የእኛ እጆች በሰው አገር

ይህን ሥራ ከማንም በላይ የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን አሉ። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚገኙ የአረጋውያን ቤቶች፣ የማታ ፈረቃ ላይ፣ የሐበሻ ነርስና ረዳት ነርስ ማግኘት ቀላል ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በነርሲንግ ቤት የሚሠራ ረዳት ነርስ ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥን ያዛል፤ በዲሜንሺያ ላይ ትምህርት እንዲያገኝም ይጠይቃል። ሰውን ሳይጎዱ ከአልጋ ማንሣት፣ የሚጮኽን ሰው ማረጋጋት፣ መዋጥ ያቃተውን ሳያንቁ ማብላት፣ በአልጋ ላይ ቁስል እንዳይወጣ ማገላበጥ በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ነው። በቤይሩት፣ በዱባይ፣ በሪያድ ያሉ እህቶቻችንም ያለ ስም፣ ያለ የምስክር ወረቀት፣ ብዙ ጊዜም ያለ እረፍት ቀን የሰው እናት ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ፣ ሌሊት ይጠብቃሉ። የገዛ እናታቸው ግን እዚህ ከአንዲት እህት እጅ ላይ ናቸው።

በአሜሪካ ያለው ስደተኛ ቤተሰብ ደግሞ የራሱ ጭንቀት አለው። ልጅ የልጅ ልጅ እንድታሳድግለት እናቱን ያስመጣል፤ ዓመታት አልፈው ጠባቂዋ ራሷ ጠባቂ ትፈልጋለች። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች በተዘጋጁ ቤቶች ውስጥ ለሚኖር ሰው የመኖሪያና የምግብ ወጪ አይከፍልም። ሜዲኬይድ የነርሲንግ ቤት ወጪ ይከፍላል፤ ግን የሚከፍለው ለድሃ ነው። በግሪን ካርድ የገቡ ወላጆችም ለአብዛኛው የመንግሥት ሽፋን አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው። በግል ለመክፈል ደግሞ በወር ብዙ ሺህ ዶላር ይጠየቃል። በሐምሌ 2024 የተጀመረው ጋይድ የተባለ የሜዲኬር የሙከራ ፕሮግራም ግን መልካም ጅምር ነው። ለቤተሰቡ አንድ አስተባባሪ ይመድባል፤ ሌሊትም ቀንም የሚመልስ ስልክ ይሰጣል፤ ለተወሰኑ ቤተሰቦችም አስታማሚው የሚያርፍበትን ወጪ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ይሸፍናል።

ከገንዘቡ ጎን የቋንቋ ነገር አለ። ሕመሙ ሲከብድ ብዙ ጊዜ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይጠፋል፤ የልጅነቱ ይቀራል። አርባ ዓመት በእንግሊዝኛ የሠራ ሰው «ውሃ» እንጂ ሌላ ቃል የማይመጣለት ጊዜ ይደርሳል። በማያውቁት ቋንቋ የሚታጠቡ፣ የጾም ቀን ሥጋ የሚቀርብላቸው እናት «አስቸጋሪ» ተብለው ይመዘገባሉ። በዚያው ማእከል አንዲት የሐበሻ ረዳት ነርስ ገብታ «እንዴት አደሩ እማማ?» ስትል ፊታቸው ይፈታል፤ ልጃቸውን መለየት ቢያቅታቸውም አባታችን ሆይን እስከ መጨረሻው ይደግማሉ። በቃልና በዜማ የያዙት፣ እጃቸው የለመደው ሥራ ከስምና ከቀን ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ቡና እንዲለቅሙ፣ ጥጥ እንዲፈትሉ፣ መቁጠሪያ እንዲይዙ ማድረግ ሕክምና ነው ቢባል ያስኬዳል።

እኛስ ምን አለን?

የድሮው ግቢ ብዙ ዓይኖች ነበሩት። ሽማግሌው በሩን ሲወጣ የጎረቤት ልጅ አይቶ ይመልሰው ነበር። ዛሬ ልጆች ተሰደዋል፤ ሴት ልጅ ሥራ ትወጣለች፤ የኮንዶሚኒየም በር ሲዘጋ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የሚያይ የለም። ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ዛፍን፣ ቤተ ክርስቲያንን፣ ሱቅን ምልክት አድርጎ የሚኖር የመርሳት ሕመምተኛ ምልክቶቹ ሁሉ በአንድ ቀን ይጠፉበታል። ዕድሜያችንም ረዝሟል። በ1990 እ.ኤ.አ. ከ50 ዓመት በታች የነበረው የኢትዮጵያውያን አማካይ የመኖሪያ ዕድሜ አሁን ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ የሚያስከትለውን ኃላፊነት ግን ገና አልተቀበልንም።

አረጋውያንን የሚቀበሉ ቤቶች አሉን። በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል ከጎዳና ያነሣቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ይዟል፤ ሕዝቡም በልደቱ፣ በሠርጉና በተዝካሩ ምግብ እየያዘ ይሄዳል። ይህ በጎነት ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን መቄዶንያና መሰሎቹ የተሠሩት ሰው ለሌለው ሰው ነው። ሰው ያለው፣ ያ ሰው ግን የደከመበት ቤተሰብ የሚሄድበት ቦታ የለም። ለስድስት ሰዓት፣ ለአንድ ሳምንት፣ ሕመሙ እጅግ ሲጠና ደግሞ ለዘለቄታው የሚያግዝ አገልግሎት ያስፈልጋል።

ከባዶ መነሣት አይጠበቅብንም። ኤችአይቪ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን በአዲስ አበባ ያሉ እድሮች መቅበር ብቻ ይበቃል አላሉም። ፈቃደኞች ሠልጥነው ቤት ለቤት እየሄዱ የታመሙትን አጠቡ፣ መድኃኒት አስዋጡ፣ አስታማሚውን አሳረፉ። ያ ልምድ ዛሬም በሕይወት ያሉ ሰዎች እጅ ውስጥ ነው። አንድ እድር በሳምንት ሁለት ቀን ድንኳኑንና ወንበሩን አውጥቶ፣ የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች መድቦ፣ የሰፈሩን የመርሳት ሕሙማን ከጠዋት እስከ ከሰዓት ቢያውላቸው የቀን መዋያ ተጀመረ ማለት ነው። እድርተኛው ሲሞት ለቀብር የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ በሕይወት ሳለ ለእረፍት ቢወጣ የሟች ክብር አይቀንስም። ሰንበቴውና ማኅበሩም ወሬ ይደጋግማሉ ብሎ እናትየዋን ከማስቀረት ይልቅ ቦታቸውን ቢያቆዩላቸው፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑም ለአስታማሚዎች በወር አንዴ የሚገናኙበት ክፍል ቢሰጡ ብዙ ይቀላል። ጸበል የሚወስድም ቤተሰብ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ታማሚውም ሳይታሰር መሄድ እንደሚችል ከአባቶች አፍ ቢሰማ የሚድነው ሰው ትንሽ አይደለም።

መንግሥት በበኩሉ መሠረቱ አለው። ከ1995 ዓ.ም. አንሥቶ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት የሚገቡ ሴቶችን አፍርቷል። በእናቶችና በሕፃናት ጤና ላይ የሠሩትን ሁሉም ያውቃል። የመርሳት ሕመም ምልክቶችን መለየት፣ ግፊትና ስኳርን መለካት፣ አስታማሚዋን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ሥራቸው ውስጥ ቢገባ የመጀመሪያው ደጅ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጠቅላላ ሐኪሞችና ለጤና ባለሙያዎች ባዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ ውስጥ ዲሜንሺያ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ለአስታማሚዎች ያዘጋጀው አይሰፖርት የተባለ ሥልጠናም በየአገሩ ቋንቋ እየተተረጎመ ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ በሬዲዮ ቢቀርብ ማንበብ የማትችል አስታማሚም ታገኘዋለች። በውጭ ያሉት ነርሶቻችንና ረዳቶቻችንም ለእረፍት ሲመጡ በየሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ለአስታማሚዎች አንድ ቀን ቢያስተምሩ፣ ከሚልኩት ገንዘብ የማይተናነስ ስጦታ ነው።

የግል መኖሪያ ማእከላት መስፋፋታቸውም አይቀርም። አሁኑኑ ደንብ ካልወጣላቸው በር የተቆለፈባቸው ማከማቻዎች ይሆናሉ። ቤተሰብም ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት መጠየቅ የሚገባው አለ፦ ሌሊት ስንት ሠራተኛ ያድራል? ሰው ይታሰራል? የሚያስተኛ መድኃኒት ማን ያዛል? ነዋሪው በነጻነት የሚንቀሳቀስበት ግቢ አለ? ሴትን ሴት ታጥባለች? ጾሙና ጸሎቱ ይጠበቃል? ሳንናገር በማንኛውም ሰዓት መጥተን ማየት እንችላለን? ለመጨረሻው ጥያቄ «አይቻልም» የሚል ቤት እናትን የሚሰጡበት ቤት አይደለም። ጥሩ መልስ የሰጠ ማእከል ውስጥ እናቱን ያስገባ፣ በየሳምንቱ የሚሄድ፣ የሚያጎርስ ልጅ ደግሞ «እናቱን ጣለ» ሊባል አይገባውም። በሩን ቆልፎ ወደ ሥራ ከሚሄደው ይልቅ እሱ ጦሯታል።

ከቤተሰብ ጉባኤ እንጀምር

ሕግ፣ መድንና ማእከል ጊዜ ይወስዳሉ። የቤተሰብ ጉባኤ ግን ገንዘብም ፈቃድም አይጠይቅም። አባት ወይም እናት የመርሳት ሕመም ያለባቸው ልጆች ሁሉ፣ በስልክም ቢሆን ውጭ ያሉትን ጨምረው፣ የሚያከብሩትን አንድ ዘመድ መሐል አስቀምጠው ይነጋገሩ። መጀመሪያ የምትናገረው ቅርብ ሆና የምታስታምመው ትሁን፤ እስክትጨርስ ማንም አያቋርጣት። ከዚያ አራት ነገር ይወሰን፦ ከሳምንቱ የትኛውን ቀን ማን ይዞላት እንደምታርፍ፣ የትኛዋን ሌሊት ማን እንደሚያድርላት፣ ሥራዋን ለተወች ልጅ በየወሩ ምን ያህል ደመወዝ እንደሚቆረጥላት፣ ሕመሙ ከቤት አቅም በላይ ሲሆን ማን ምን እንደሚያደርግ። የመጨረሻው ዛሬ ካልተወሰነ ነገ በእልህና በልቅሶ መሐል ይወሰናል። ይህ ሁሉ ይጻፍ፤ ሁሉም ይፈርም።

በምርቃታችን ጧሪ ቀባሪ ይስጥህ እንላለን፤ ምርቃቱ ለብዙዎች ደርሷል። እናታቸውን ሌሊት ሲያነሡ፣ ሲያጥቡ፣ ሲከሰሱ፣ ሲሰደቡ ጥለው ያልሄዱ ሴቶች በየሰፈሩ አሉ። ለእነሱ «ፈጣሪ ይክፈልሽ» ማለት ልማዳችን ነው። የፈጣሪን ለፈጣሪ እንተውና የእኛን ድርሻ እንክፈል፦ ቀኗን እንያዝላት፣ ሌሊቷን እንደርላት፣ ደመወዟን እንቁረጥላት፣ የምትደውልበትን ስልክ እናንሣ።